አጥንት ልደቱን አያውቅም

ባለፈው ሳምንት ለቅሶ ቤት ድንኳን ውስጥ ተቀምጬ ሰዎች ስለ መጠጥ ዕድሜ ሲከራከሩ ሰማሁ። አንዱ በሕግ የተወሰነው ዕድሜ ዝቅ ይበል ይላል፤ ሌላው የለም፣ ጭራሽ ከፍ ይበል ይላል። መሐል ላይ አንድ ጎልማሳ፣ «በደርግ ጊዜ እኮ ይኼ ሁሉ ጣጣ አልነበረም። ለመሆኑ ማን ዕድሜ ይጠይቅ ነበር?» አለ። ለቅሶ ቤት የሟች ነገር እንጂ የራስ ታሪክ አይወራምና ዝም አልኩ። ቤቴ ስገባ ግን ዝምታው አልዋጥልኝ አለ። በዚያን ዘመን ዕድሜ ይጠየቅ ነበር፤ የምጠየቀውም እኔ ነበርኩ።

ጸዳለ እባላለሁ። ተወልጄ ያደግኩት ድሬዳዋ፣ ከዚራ ሰፈር ነው። አባቴ የባቡር ሠራተኛ ነበር። እኔ በረዳት ነርስነት ሆስፒታል ተቀጥሬ ጥቂት ወራት እንደሠራሁ ራጅ ክፍል ተመደብኩ። ያኔ ራጅ ክፍል መላክ እንደ ቅጣት ይቆጠር ነበር፤ ጨረሩ መካን ያደርጋል ተብሎ ይወራልና ሴት አትሄድም። እናቴ ሦስት ቀን አለቀሰች። እኔም ለአንድ ወር ብቻ ብዬ ገባሁ፤ የወጣሁት ጸጉሬ ሸብቶ፣ በጡረታ ነው።

በዚያ ክፍል የተቀበለኝ ጋሽ ዩሱፍ ነው። የመጋላ ሰፈር ሰው፣ የሐረር ተወላጅ፣ ቀጭን፣ ረጅም፣ ነጭ ካፖርቱን እስከ አንገቱ የሚቆልፍ። ድሬ ላይ አንቱታ ብዙም አይዘወተርምና ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ «አንተ» እለው ነበር፤ አክብሮቴ ግን ለአባቴ ካለኝ አያንስም። ሙያውን ያስተማረኝ በንግግር አይደለም። የሚያደርገውን እያየሁ ነው የተማርኩት።

የድሬዳዋ ራጅ ትልቁ ጠላቱ ሙቀት ነው። ያኔ ፊልም የሚታጠበው ጨለማ ክፍል ውስጥ፣ በቀይ መብራት፣ በእጅ ነበር። ማጠቢያው ፈሳሽ ከሞቀ ፊልሙ ይበስላል፤ ግራጫ ይሆንና አጥንቱም ሥጋውም ይደባለቃል። ስለዚህ በየጠዋቱ በጆንያ የተጠቀለለ በረዶ በጋሪ ይመጣልን ነበር። ጋሽ ዩሱፍ በረዶውን በመዶሻ ሰባብሮ ገንዳው ዙሪያ ባለው ውኃ ውስጥ ይጨምራል፤ ከዚያ የሙቀት መለኪያውን ያያል፤ መለኪያውን አይቶም አያምንም፤ ክርኑን ከገንዳው ጎን አስጠግቶ ዓይኑን ጨፍኖ ይቆያል። «አሁን» ካለ ሥራ ይጀመራል። በረዶ ያልመጣ ቀን ከአደጋ በስተቀር ፊልም አያነሳም። ሐኪሞች ይቆጣሉ፤ እሱ፣ «የበሰለ ፊልም ከምሰጥህ ነገ ጥሩ ልስጥህ» ይላቸዋል።

ከአሥራ ስምንት ዓመት በታች ለሆነ ልጅ መጠጥ መሸጥ እንደማይፈቀድ ሁሉም ያውቅ ነበር፤ የሚያስከብረው ግን አልነበረም። በኋላ ቀበሌዎች ቡና ቤቶችን መፈተሽ ጀመሩ። ቢራ ይዞ የተገኘ ልጅ ሲያዝ ልጁ «አሥራ ስምንት ነኝ» ይላል፤ ባለ ቡና ቤቷም «አሥራ ስምንት ነኝ ብሎኝ ነው» ትላለች። የልደት ወረቀት ያለው ከስንት አንድ ነው። የትምህርት ቤት መዝገብ ላይ ያለው ደግሞ አባት በምዝገባ ቀን በግምት የጣለው ቁጥር ነው። ስለዚህ ልጁን በጥበቃ አስይዘው ወደ ሆስፒታል ይልኩታል። ሆስፒታሉ ወደ ራጅ ክፍል፤ ራጅ ክፍል ማለት ደግሞ ጋሽ ዩሱፍና እኔ ነን።

ነገሩ እንዲህ ነው። የግራ እጅ ይነሳል። ከእጅ አንጓ በላይ፣ በአውራ ጣት በኩል ያለው ትልቁ የክንድ አጥንት ጫፉ አጠገብ አንዲት ጥቁር መስመር አለችው። አጥንቱ የሚያድገው በእሷ ነው። ዕድገት ሲያበቃ መስመሯ ከመሐል ጀምራ ትደፈናለች፤ በመጨረሻ ክር የመሰለ ነጭ ምልክት ትታ ትጠፋለች። በሴት ልጅ ቀድሞ፣ በወንድ ዘግይቶ። ቀላል ይመስላል፤ አይደለም። በልቶ ያደገና ተርቦ ያደገ፣ ከአንድ ማኅፀን የወጡ ወንድማማቾች እንኳ አንድ አይሆኑም። አንዱ በአሥራ ስድስት ሊዘጋ ይችላል፤ ሌላው አሥራ ዘጠኝ ደርሶ ክፍት ነው።

ጋሽ ዩሱፍ ፊልሙን ሳያይ የልጁን ፊት አያይም ነበር። «ፊት ያባብላል» ይላል። ጠዋት አንዴ ያነብና ያየውን በእርሳስ ጽፎ መሳቢያ ውስጥ ያስገባል። ከቀትሩ የዙሁር ሶላት በኋላ ተመልሶ እንደ አዲስ ያነባል። ሁለቱ ከተስማሙ ብቻ ይፈርማል። የሚጽፈውም መቼም አንድ ቁጥር አይደለም፤ «ከዚህ እስከዚህ» ነው። ከሆስፒታሉ ለቀበሌ የሚላከው ቅጽ ግን «ዕድሜ፦ ... ዓመት» ከሚል አንድ ባዶ ቦታ በቀር የለውም። እሱ በጠባቧ ቦታ ላይ «ከ16 እስከ 18» ብሎ በደቃቁ ያጭቃታል። አንድ የቀበሌ ሰው ተናዶ ወረቀቱን ይዞ መጣ።

«ጓድ ዩሱፍ፣ አንድ ቁጥር ስጠን። ቡና ቤቱን እንዝጋው ወይስ አንዝጋው?»

«አጥንት ልደቱን አያውቅም» አለው። «እኔም አላውቅም። የማውቀውን ጽፌልሃለሁ።»

«አንተ እስላም አይደለህ እንዴ? መጠጥ ቤት ቢዘጋ ምን ቸገረህ?»

ጋሽ ዩሱፍ መጠጥ በከንፈሩ አልፎ አያውቅም። «ዋላሂ ሁሉም ቢዘጋ ደስ ይለኛል» አለ። «በእኔ ፊርማ በውሸት ግን አይዘጋም።»

ይህን በጆሮዬ ሰምቼ፣ ያን ሁሉ በዓይኔ አይቼ ነው እንግዲህ እኔ የተሳሳትኩት።

ጋሽ ዩሱፍ ወንድሙ ሞቶበት ሐረር ሄዶ ነበር። ብቻዬን ነኝ። በዚያ ቀን በረዶ አልመጣም። ረፋዱ ላይ አንድ የቀበሌ ጥበቃ ኤፍሬም የሚባል ልጅ ይዞ መጣ። ከኋላቸው ወይዘሮ አስካለ አለች፤ ባለ ቡና ቤቷ። ልጁ እሷ ዘንድ ቢራ ሲጠጣ ተይዞ ነው። ቁመቱ መለል ያለ፣ ከንፈሩ ላይ ገና ጭረት የምታህል ጢም ያለችው ልጅ ነው። ጥፋተኛ ነው ከተባለ የወጣቶች ስብሰባ ላይ ቆሞ ይወቀሳል፤ እናቱም ትጠራለች። አስካለ ደግሞ ቤቷ ይታሸጋል።

«ስንት ዓመትህ ነው?» አልኩት። ጋሽ ዩሱፍ ቢሆን አይጠይቀውም ነበር።

«አሥራ ስምንት» አለ፣ ዓይኔን ሳያይ።

አስካለ ጠጋ ብላ፣ «እህቴ፣ አራት ልጅ የማሳድገው በዚያች ቤት ነው» አለችኝ። «ልጁ ሲገባ እኔ አጥንቱን አላየውም። ቁመቱን ነው የማየው።»

ፊልሙን አነሳሁና አጠብኩት። በስሎ ወጣ። መስመሯ መኖር አለመኖሯ የማይለይ ግራጫ ሆነ። መድገም ነበረብኝ፤ ፊልም ግን ጥቂት ነው የቀረን፤ በረዶም የለም። «ነገ ተመለሱ» ማለት ነበረብኝ፤ ጥበቃው ሰዓቱን ያያል። ልጁን አየሁት። አስካለን አየኋት። አንድ ቁጥር ብጽፍ ሁሉም ደስ ብሎት ይሄዳል ብዬ አሰብኩ። 18 ብዬ ጻፍኩ። ማኅተም መታሁ። አስካለ እጄን ሳመችኝ። ልጁ በሩ ላይ ሲደርስ ዞሮ ፈገግ አለልኝ። በዚያን ቀን ደግ ሥራ የሠራሁ መስሎኝ ወደ ቤቴ ገባሁ።

ጋሽ ዩሱፍ ሲመለስ ፊልሙን መብራቱ ላይ ሰቅሎ አየው። «ማነው ይኼን ያበሰለው?» አለ። «እኔ» አልኩ። ፊልሙን ፖስታው ውስጥ መልሶ ለብቻው አስቀመጠው። ቢቆጣኝ ይሻለኝ ነበር።

ጥቂት ወራት አለፉ። ቀበሌዎች ለብሔራዊ ውትድርና ወጣት መመዝገብ ጀመሩ። አንድ ጠዋት በረዶ እየሰበርን ሳለን አንዲት ሴት የራጅ ክፍሉን በር ሳታንኳኳ ከፍታ ገባች። ነጠላዋን ወገቧ ላይ አጥብቃ አስራለች። «ኤፍሬምን አሥራ ስምንት ያደረገው ማነው?» አለች።

የኤፍሬም እናት ናት፤ ወይዘሮ ዘነበች። ልጇን ቀበሌ አዳራሽ አስገብተውታል። ገና ነው ብላ ስትሟገት ከፋይሉ ውስጥ የእኔን ወረቀት አውጥተው፣ «ሆስፒታሉ ነው ያለው» ብለዋታል።

«እኔ ነኝ የጻፍኩት» አልኳት።

እንደምትሰድበኝ ጠብቄ ነበር። እሷ ግን ከጉያዋ አንድ የልደት ካርድ አወጣች። «ይኼ የጎረቤቴ ልጅ ካርድ ነው፤ እዚሁ ሆስፒታል ነው የተወለደችው። የእኔ ልጅ በዚያው ሳምንት ቤቴ ነው የተወለደው፤ ሁለታችንም በአንድ ሰሞን ነው አራስ የሆንነው። አንብቢው። ስንት ይላል?»

አነበብኩት። የልጅቷ ዕድሜ አሥራ ስድስት ዓመት ከጥቂት ወር ነው።

«ይኼን ቀበሌ አሳይተሻቸዋል?» አላት ጋሽ ዩሱፍ።

«አሳይቻለሁ። 'ይኼ የእሷ ነው እንጂ የእሱ አይደለም' አሉኝ።»

ጋሽ ዩሱፍ መዶሻውን አስቀምጦ እጁን ታጠበ። ከዚያ ያን የበሰለ ፊልም ከመሳቢያው አወጣና፣ «ጸዳለ፣ ካፖርትሽን ልበሽ፤ እንሄዳለን» አለኝ። ሦስታችንም የደቻቱን ደረቅ ወንዝ አሸዋ አቋርጠን ቀበሌ ደረስን። ኤፍሬም በአዳራሹ መስኮት ፍርግርግ ከሌሎች ልጆች ጋር ይታየኛል። አየኝ። እንደዚያን ቀን ፈገግ ሊል ሞከረ።

ጋሽ ዩሱፍ የቀበሌውን ሊቀመንበር፣ «ልጁን ለአንድ ሰዓት ስጠኝ፤ እጁን ደግሜ ላንሳው» አለው። እምቢ አለ። ጋሽ ዩሱፍ ወረቀት ለምኖ እዚያው ቆሞ ጻፈ። ልጁ አሥራ ስድስት ነው ብሎ አልጻፈም። እየለመንኩት፣ እናቱም እያለቀሰች፣ «ባላየሁት አልጽፍም» አለ። የጻፈው ፊልሙ የማይነበብ መሆኑን፣ በእሱ ላይ ተመሥርቶ የተሰጠው ውጤት መሠረዝ እንዳለበት ነው። ፈረመ። እኔም ከሥሩ ስህተቱ የእኔ መሆኑን ጽፌ ፈረምኩ።

ሊቀመንበሩ አንብቦ አጠፈው። «ሆስፒታል አንድ ጊዜ ተናግሯል» አለ። «በየቀኑ ቃሉን የሚለውጥ ከሆነ ማንን እንመን?»

በማግስቱ ልጆቹን ሁሉ ወሰዷቸው።

ከዚያ በኋላ የሠራኋቸውን ዓመታት እንዴት እንደሠራሁ መናገር ይከብደኛል። ጋሽ ዩሱፍ አንድ ጊዜ ብቻ ነው ያነሳው። «ሙያውን መልቀቅ ትፈልጊያለሽ?» አለኝ። «አዎ» አልኩት። «ከለቀቅሽ ቀጥሎ የሚመጣው ሰው ይኼን ስህተት ገና አልሠራም። አንቺ ሠርተሻል። ቆዪ።» ቆየሁ። እንደ እሱ ሁለት ጊዜ ማንበብ ጀመርኩ፤ ጠዋት አንዴ፣ ከሰዓት አንዴ።

እሱ ጡረታ በወጣ በዓመቱ ገደማ የከተማው አዳራሽ ውስጥ ትልቅ ስብሰባ ተጠራ። ከአጀንዳዎቹ አንዱ የመጠጥ ዕድሜ ከአሥራ ስምንት ወደ አሥራ ስድስት ዝቅ እንዲል የቀረበ ሐሳብ ነበር። ለበላይ አካል ከመላኩ በፊት ሕዝብ ይምከርበት ተባለ። እኔ በባለሙያነት ቃል እንድሰጥ ደብዳቤ ደረሰኝ። ምን እንደሚጠበቅብኝ ከስብሰባው በፊት አንድ የከተማው ኃላፊ ቢሮው ጠርቶ ነገረኝ። «አሥራ ስድስትንና አሥራ ስምንትን በራጅ መለየት አይቻልም፤ አይደል? ይኼንኑ ተናገሪ። ይበቃል።»

እውነቱን ነው፤ መለየት አይቻልም። ግማሹ እውነት ለምን እንደተፈለገ ግን ገባኝ፤ «መለየት ካልተቻለ አሥራ ስምንቱ ምን ያደርጋል?» ለማለት ነው። በስብሰባው ዋዜማ መጋላ ሄጄ ጋሽ ዩሱፍን አማከርኩት። ልቡን ታሞ ተኝቷል። «የምታውቂውን ሁሉ ተናገሪ» አለኝ። «የጠየቁኝ ይኼን ብቻ ነው ብለሽ አታሳንሺው።»

አዳራሹ ጢም ብሎ ነበር። ፍርድ ላለማጉደል፣ ዝቅ ይበል ያሉት ሰዎች ሁሉ ክፉዎች አልነበሩም። አንድ መምህር ተነስቶ፣ «ልጆቹ እኮ መጠጣቱን አልተዉም፤ ከቡና ቤት ስናባርራቸው ወንዝ ዳር ተደብቀው አረቄ ይጠጣሉ። በዓይናችን ሥር ቢራ ቢጠጡ አይሻልም?» አለ። ይህን ሰምቼ እኔም አሰብኩበት። ሌላው፣ «በአሥራ ስድስት ዓመቱ ለዘመቻ የሚወጣ ወጣት አንድ ጠርሙስ ቢራ ልንነፍገው ነው?» አለ፤ ተጨበጨበለት። አንድ የመጋላ ሽማግሌ፣ «ለእኛማ በአሥራ ስድስትም በስድሳም ያው ነው፤ አንጠጣም» ብለው ሰውን ሁሉ አሳቁ። ወይዘሮ አስካለም ተነሳች። «እኔ ቁጥሩ ምንም ቢሆን ግድ የለኝም» አለች። «ማንን እንደምመልስ በግልጽ ንገሩኝ፤ እኔም ልጅ ማስከር አልፈልግም።»

ከዚያ ሰብሳቢው ስሜን ጠራ። ተነሳሁ።

«በራጅ አሥራ ስድስትንና አሥራ ስምንትን መለየት አይቻልም» አልኩ። ሰብሳቢው ራሱን ነቀነቀና እንድቀመጥ በእጁ አመለከተኝ። አልተቀመጥኩም። «አሥራ ስድስትንና አሥራ አራትንም መለየት አይቻልም። አጥንት ሁልጊዜ ሁለት ዓመት ወደዚህ፣ ሁለት ዓመት ወደዚያ ነው። ዛሬ አሥራ ስምንት ስትሉ የአሥራ ስድስት ልጅ ያመልጣችኋል። ነገ አሥራ ስድስት ብትሉ የሚያመልጣችሁ የአሥራ አራቱ ነው። ቁጥሩን ዝቅ ስላደረጋችሁት ስህተቱ አይጠፋም፤ አብሮ ዝቅ ብሎ ትንንሾቹ ላይ ያርፋል።»

«ጓዲት ጸዳለ፣ አመሰግናለሁ» አለ ሰብሳቢው።

«አልጨረስኩም» አልኩ። «ይኼን የማውቀው ስለተሳሳትኩ ነው። ቢራ ሲጠጣ የተያዘ ልጅ አምጥተውልኝ በማይነበብ ፊልም አሥራ ስምንት ነው ብዬ ጻፍኩ። አሥራ ስድስት ነበር። ያ ወረቀት ከመጠጥ አውጥቶ ሌላ ቦታ ወሰደው።»

«የተጠየቅሽው ስለ አጥንት ነው» አለኝ፤ ድምፁ ተለውጧል።

«ስለ አጥንት ነው የምናገረው። ልጁ ኤፍሬም ይባላል። እናቱ እዚህ አለች።»

ከኋላ ወንበሮች አካባቢ ወይዘሮ ዘነበች ብድግ ስትል አየኋት። አጠገቧ ያለችው ሴት ቆመች። ከዚያ አስካለ ቆመች። ያ መምህርም፣ ዝቅ ይበል ያለው፣ ቀስ ብሎ ቆመ። ሰብሳቢው ወረቀቱን እያገላበጠ፣ «ጉዳዩ ለጥናት ይቆይ» አለና ወደ ሌላው አጀንዳ አለፈ። እኔ እስከማውቀው ድረስ ጥናቱም ተመልሶ አልመጣ፣ ዕድሜውም ዝቅ አላለም።

እኔን ግን ወሩ ሳያልቅ ከድሬዳዋ ወጣ ብሎ ዋሂል ገጠር ወዳለች ትንሽ ክሊኒክ አዛወሩኝ። ራጅ ቀርቶ መብራት የላትም። ደመወዜ አልተነካም። ሁለት ዓመት ቁስል አጠብኩ፤ ኦሮምኛዬን አሻሻልኩ። ጋሽ ዩሱፍ የሞተው እዚያ ሳለሁ ነው፤ ቀብሩ ላይ አልደረስኩም። ስመለስ ሜዲካል ዳይሬክተሩ ቢሮ ገብቼ አንድ ነገር ብቻ ጠየቅሁ፤ የዕድሜ ቅጹ እንዲለወጥ። ሦስት ጊዜ መለሰኝ። በአራተኛው፣ «ምን ብለን እናሳትመው?» አለ። «ከ... እስከ...» አልኩት። ታተመ።

መንግሥት ሲለወጥ ወታደሩ በየመንገዱ እየተበተነ ተመለሰ። ወይዘሮ ዘነበች ሰው ልካ፣ «መጥቷል» አስባለችኝ። ካፖርቴን እንደለበስኩ ሄድኩ። ኤፍሬም በረንዳ ላይ አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጧል። ከስቷል፤ አንድ እግሩን ዘርግቶ ነው የሚቀመጠው፤ ጢሙ ሙሉ ሆኗል። በመንገድ ባገኘው አላውቀውም ነበር።

«ያን ወረቀት የጻፍኩት እኔ ነኝ» አልኩት።

«አውቃለሁ» አለኝ። «እናቴ ነግራኛለች። ስብሰባው ላይ ያልሽውንም ነግራኛለች።» ቀጥሎም፣ «እኔም እኮ ዋሽቼሽ ነበር። አሥራ ስምንት ነኝ ያልኩሽ እኔ ነኝ» አለ።

«አንተማ ልጅ ስለነበርክ ዋሸህ» አልኩት። «ትልቅ ሰው እኔ ነበርኩ።»

የተዘረጋ እግሩን በሁለት እጁ አንስቶ ጠጋ አለና ቦታ ለቀቀልኝ። ተቀመጥኩ።